ራሱ ጎርሶ ራሱ የሚተፋ

«ቀጭ» አለ። ከዚያ ሌላ ድምፅ የለም።

ከቀኜ የቆመው ወጣት ቃታውን ስቦ ነበር። ሰባት ዝዮች ክንፋቸውን ዘርግተው፣ እግራቸውን እንደ አውሮፕላን ጎማ ወደ ታች አውጥተው፣ ከፊታችን ባለው የታጨደ የበቆሎ ማሳ ላይ እየወረዱ ነው። ርቀታቸው ሠላሳ ሜትር አይሞላም። ወጣቱ ጠመንጃውን ከትከሻው ሳያወርድ ባለበት ደርቆ ቀረ። ከግራዬ ያሉት አዛውንት ግን አንድ ጊዜ ተኮሱ፤ ከሰባቱ አንዱ ክንፉ ታጥፎ አገዳው መሀል ዱብ አለ። የተረፉት እየተንጫጩ ወደ ወንዙ ዞሩ።

«ነከሰብኝ» አለ ወጣቱ።

«አልነከሰም» አሉ አዛውንቱ፣ ዓይናቸውን ከሰማዩ ሳይነቅሉ። «መጀመሪያ አፈሙዙን ወደ ላይ። እንዲህ። መዝጊያው አልገጠመም። ቅድም በጨለማ ስትወርድ ሰደፉን ከብረቱ ጋር አጋጭተኸዋል፤ ሰምቼሃለሁ።»

ያለነው ሜሪላንድ ነው። የቼሳፒክን የባሕር ወሽመጥ ተሻግሮ ኢስተርን ሾር በሚሉት ሜዳማ አገር፣ ኬንት ካውንቲ ውስጥ፣ መሬት ውስጥ በተቀበረ የብረት ሣጥን ውስጥ ቆመናል። ከሲልቨር ስፕሪንግ የተነሳነው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ነበር። ሰባት ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመውን ድልድይ ስናቋርጥ ከመኪናው መብራት በቀር የሚታይ ነገር አልነበረም። ዝዮቹ ደግሞ ከእኛ እጅግ ርቀው ነው የመጡት፤ ከካናዳ ሰሜናዊ ኩቤክ፣ ከኡንጋቫ ምድር፣ ብርዱን ሽሽት።

አዛውንቱን ጋሼ እላቸዋለሁ። ዋሽንግተን ውስጥ ሠላሳ ዓመት ታክሲ ነድተዋል፤ አደን የለመዱትም ከአንድ የዘወትር ተሳፋሪያቸው ነው። ወጣቱ የእህታቸው ልጅ ነው። እኔ ፈቃድም ጠመንጃም የለኝም። የያዝኩት ማስታወሻ ደብተርና በፔርሙዝ ያለ ሻይ ነው። ሻዩ ወተት የለውም፤ ወሩ ታኅሣሥ ነው፤ ጋሼ የነቢያትን ጾም ይዘዋል። ጾመኛ አዳኝ ማየት ግር ይል ይሆናል፤ ለእሳቸው ግን ጾም ሆነ ፍስክ ለውጥ የለውም። ባለቤታቸው «እግሩ የተሰፋ ወፍ ቤቴ አይገባም» ብለው ከወሰኑ ቆይተዋል። ዝዩ የሚሄደው ለባለ መሬቱ ገበሬ ነው። ለራሳቸው ማዕድ የሚያድኑት ዋኖስ ነው፤ አደኑ የሚከፈተው ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ፣ መስከረም ከመጥባቱ ቀደም ብሎ ነው።

እኔ የመጣሁት ለአንድ ጥያቄ ነው። እነዚህ ሁለት ሰዎች ስለ ጠመንጃ መጨቃጨቅ ከጀመሩ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ልጁ ሁለት ሺህ ዶላር የሚጠጋ ዘመናዊ ሾትገን ገዝቶ፣ በላዩ ላይ ሌላ ገንዘብ አፍስሶ አሻሽሎታል። ጋሼ የያዙት ከልጁ ዕድሜ የሚበልጥ ሬሚንግተን 1100 ነው። ሁለቱም ግማሽ አውቶማቲክ ናቸው፤ ቃታ በተሳበ ቁጥር አንድ ጥይት ይተኩሳሉ፣ ቀለሁን ይተፋሉ፣ ቀጣዩን ይጎርሳሉ። ጭቅጭቁ ያለው ይህን ለማድረግ ጉልበቱን ከየት ያመጣሉ የሚለው ላይ ነው።

የልጁ ጠመንጃ የሚሠራው ኢነርሺያ በሚባለው ዘዴ ነው። ነገሩን ለመረዳት ሰው ጢም ያለበት አንበሳ አውቶቡስ ውስጥ ቆሞ የሄደ ሰው መሆን ይበቃል። አውቶቡሱ ድንገት ወደ ፊት ሲፈናጠር ተሳፋሪው ባለበት ሊቀር ይፈልጋል፤ ለዚህ ነው ወደ ኋላ የሚንገዳገደው። ጠመንጃው ሲተኮስ በርግጫው ወደ ኋላ ይፈናጠራል። ከውስጡ ያለው ከባዱ የመዝጊያ አካል ግን እንደዚያ ተሳፋሪ ባለበት ይቀራል። በመዝጊያው ራስና በአካሉ መካከል አንድ አጭር፣ ጠንካራ ስፕሪንግ አለ፤ በዚህች ቅጽበት ይጨመቃል። ከዚያ ተመልሶ ሲዘረጋ መዝጊያውን ወደ ኋላ ይወረውረዋል፣ ራሱ ተሽከርክሮ ይከፈታል፣ ቀለሁ ይወጣል። በቃ። ጋዝ የለ፣ ፒስተን የለ፣ የሚጠቁር ነገር የለ።

ይህን የቀየሰው ብሩኖ ቺቮላኒ የተባለ ጣሊያናዊ ነው። የሞተር ብስክሌት ሠሪዎቹ የቤኔሊ ቤተሰብ በ1967 (በዚህ ጽሑፍ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኡርቢኖ ከተማ ውስጥ የጦር መሣሪያ ኩባንያ አቋቁመው በዚሁ ዘዴ መሥራት ጀመሩ። በ1991 ያወጡት ሱፐር ብላክ ኢግል ደግሞ 89 ሚሊ ሜትር የሚረዝመውን ትልቁን ባለ 12 ጌጅ (የበርሜል ስፋት መለኪያ ነው) ጥይት የሚተኩስ የመጀመሪያው ግማሽ አውቶማቲክ ሆኖ የዝይ አዳኞችን ልብ ወሰደ። ዛሬ ዘዴውን ብዙዎች ይሠሩበታል፤ ቱርክ ውስጥ የሚመረቱት ዋጋቸው የጣሊያኖቹን ሲሶ ገደማ ነው። የልጁ የማን ሥራ እንደሆነ ግን አልናገርም፤ የዚያ ጠዋቱ ጥፋት የባለቤቱ እንጂ የሠሪው አልነበረምና።

ጥፋቱም ይህ ነው። የመዝጊያው ራስ እስከ መጨረሻው ተሽከርክሮ ካልቆለፈ መርፌው ጥይቱን አይደርስበትም። ሰደፉን ጠንካራ ነገር ላይ ጠብ ማድረግ፣ ወይም ወፍ እንዳይሰማ ብሎ ማቀባበያውን በእጅ ይዞ ቀስ ብሎ መመለስ፣ ራሱን በጥቂት ሚሊ ሜትር ሊያላቅቀው ይችላል። ዓይን ላያየው ይችላል። አንዳንድ አዳዲስ ሞዴሎች ይህን የሚከላከል ትንሽ ስፕሪንግ ተጨምሮላቸዋል። የሌለው ግን አንድ ልማድ ማዳበር አለበት፤ ጉድጓድ ከገባ በኋላ ማቀባበያውን በአውራ ጣት ወደ ፊት ገፋ ማድረግ።

«ጠመንጃ ሲዘጋ መጮህ አለበት» አሉ ጋሼ። «ያልጮኸ በር አልተዘጋም።»

ልጁ አልመለሰም። ማቀባበያውን ገፋ። ትንሽ «ጠቅ» ተሰማች።

ፀሐይ ከወጣች በኋላ ወፍ ጠፋ፤ ጋሼ ስለ ጠመንጃ ዘር ማውራት ጀመሩ። አገር ቤት እያሉ አባታቸው ቤልጂግ ነበራቸው። እንዲህ ነው እኛ ጠመንጃ የምንጠራው፤ ምንሽር፣ ውጅግራ፣ ቤልጂግ እያልን፣ በመጣበት አገር ወይም በሠሪው ስም። ቤልጂግ ቤልጂየም ውስጥ ሄርስታል በሚባል ከተማ ያለው የኤፍ ኤን ፋብሪካ ሥራ ነው። ፋብሪካው በ1889 የተቋቋመው ለቤልጂየም መንግሥት የማውዘር ጠመንጃ ለመሥራት ነበር፤ ከጣሊያን ወረራ በፊት በነበሩት ዓመታት ወደ ኢትዮጵያም ማውዘሮቹ መጥተዋል። ጋሼ አሜሪካ ከመጡ ከብዙ ዓመታት በኋላ የተረዱት፣ ግማሽ አውቶማቲክ ሾትገን የተወለደውም በዚያው ፋብሪካ መሆኑን ነው።

የሾትገኑ አባት ጆን ብራውኒንግ ነበር፣ የዩታዋ ኦግደን ከተማ ሰው። በ1900 የባለቤትነት ማረጋገጫውን አገኘ። ለዊንቸስተር ኩባንያ ለሁለት ዐሥርት ዓመታት ገደማ ንድፍ ሲሸጥ ኖሯል፤ ሁልጊዜም በአንድ ጊዜ ክፍያ። ይህን ግን በዚያ መንገድ አልሸጥም አለ፤ ከሚሸጠው ከእያንዳንዱ ጠመንጃ ድርሻ ይታሰብልኝ አለ። ዊንቸስተር እምቢ አለ። ብራውኒንግ ወደ ሬሚንግተን ሄደ። በጥር 1902 ከፕሬዚዳንቱ ከማርሴለስ ሃርትሊ ጋር ቀጠሮ ይዞ ሲጠብቅ ሰውየው በዚያው ቀን በልብ ድካም ሞተ። ብራውኒንግ ናሙናውን ይዞ መርከብ ተሳፍሮ ሄርስታል ገባ። ኤፍ ኤን ተቀበለው። ኦቶ 5 የተባለው ጠመንጃ እስከ 1998 ድረስ ተሠራ፤ ከጀርባው ጎበጥ ያለ ስለሆነ አሜሪካኖች ጎባጣው ይሉታል።

ዊንቸስተር ግን ቆጨው። መሐንዲሱ ቲ. ሲ. ጆንሰን የብራውኒንግን መብት ሳይነካ ተመሳሳይ ጠመንጃ እንዲሠራ ታዘዘ። ቀላል አልነበረም፤ የመብቱን ሰነድ በማዘጋጀት የረዳው ራሱ ጆንሰን ነበርና፣ ቀዳዳ አላስቀረም። ከጎን የምትወጣዋ ማቀባበያ እንኳ የብራውኒንግ ነበረች። ስለዚህ በ1911 የወጣው የዊንቸስተር ጠመንጃ ማቀባበያ አልነበረውም፤ የሚቀባበለው በርሜሉን ራሱን ወደ ኋላ በመግፋት ነው። የዚያ ዘመን ጥይት ከወረቀት የተሠራ ነው፤ እርጥበት ሲያገኘው ያብጥና ይጣበቃል። ባለቤቱ ሰደፉን መሬት አስደግፎ፣ ፊቱን ወደ አፈሙዙ አድርጎ፣ በርሜሉን በሁለት እጁ ወደ ታች ይገፋል። ምን እንደተከተለ መገመት አይከብድም። ጠመንጃው «ባል ገዳይ» የሚል ስም ወጣለት።

ይህን ታሪክ ጋሼ ሲያወሩ ልጁ ስልኩን አስቀምጦ ያዳምጥ ነበር። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። የኦቶ 5 ባለቤት ገና ያኔ ጠመንጃውን «ማሻሻል» ነበረበት። በርሜሉና መዝጊያው አብረው እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ስለሚሄዱ ከካዝናው ቱቦ ላይ የግጭት ቀለበቶች ተደርገዋል፤ ለከባድ ጥይት አንድ አቀማመጥ፣ ለቀላል ሌላ። ያልገባው ሰው ቀለበቱን ገልብጦ ያስቀምጥና፣ ወይ ጠመንጃው ቀለሁን አይተፋም፣ ወይ ራሱን ሲደበድብ ይኖራል። ከመቶ ሃያ ዓመት በኋላ ከአጠገቤ የቆመው ልጅ የሠራው ስሕተትም ከዚህ አይርቅም፤ ወደዚያ እመጣለሁ።

የጋሼ 1100 በ1963 ገበያ የወጣ ነው። ከአራት ሚሊዮን በላይ ተሽጧል። ከበርሜሉ ሥር ባሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች የባሩዱ ጋዝ በጥቂቱ ይወጣና በካዝናው ቱቦ ዙሪያ ያለውን ፒስተን ይገፋል፤ ፒስተኑ መዝጊያውን። ርግጫው አይጠፋም፤ ግን በአንድ ጡጫ ፋንታ ረዘም ያለ ግፊት ሆኖ ይደርሳል። ዕዳውም አለ። ጋዝ ጥላሸት ነው፤ ካልተጠረገ ይጋገራል። ከቱቦው ላይ የምትቀመጥ አንዲት የጎማ ቀለበት አለች፤ ስትደርቅ ወይም ስትበጠስ ጠመንጃው ይሰንፋል። ጋሼ ትርፍ ቀለበት በጃኬታቸው ኪስ ከመቁጠሪያቸው ጋር ይይዛሉ።

ቤሬታም በጋዝ ወገን ነው፤ የዘመኑ ሞዴሎቹ የተረፈውን ጋዝ በራሳቸው የሚያስወጡ ስለሆኑ ከቀላልም ከከባድም ጥይት ጋር ይስማማሉ። ኩባንያው ከ1526 የጀመረ መዝገብ አለው፤ በዚያ ዓመት ለቬኒስ 185 በርሜሎች ሸጧል። እዚሁ ሜሪላንድ፣ አኮኪክ ውስጥም ፋብሪካ ነበረው፤ በ2013 የክልሉ የጦር መሣሪያ ሕግ ከጠበቀ በኋላ ማምረቻውን ወደ ቴነሲ አዛወረ። ቤኔሊም ዛሬ የቤሬታ ንብረት ስለሆነ የሁለቱ ወገን ፉክክር የአንድ ቤት ልጆች ጠብ ሆኗል።

ረፋዱ ላይ ልጁም አንድ ዝይ ጣለ። የተፈቀደላቸው በነፍስ ወከፍ አንድ ነውና አደኑ አለቀ። ይህ ጥብቅነት ያለ ምክንያት አልመጣም። በእነዚህ ዳርቻዎች አዳኞች ለሥጋ ገበያ ወፍ የሚጨፈጭፉበት ዘመን ነበር፤ ጀልባ ላይ የሚጠመድ ሦስት ሜትር ያህል የሚረዝም ጠመንጃ አንዴ ሲተኮስ ውሃ ላይ የተኛውን መንጋ ያጭደዋል። የብራውኒንግ ጠመንጃ ሲመጣ ካዝናውን አስረዝመው ዐሥር ጎራሽ ያደረጉት ነበሩ። የ1918ቱ የስደተኛ አእዋፍ ሕግ ንግዱን ዘጋ፤ በ1935 ደግሞ ሾትገን ከሦስት ጥይት በላይ እንዳይጎርስ ተደነገገ። ስለዚህ በአሜሪካ ዳክዬና ዝይ በግማሽ አውቶማቲክ የሚያድን ሰው በአብዛኛው ካዝናው ውስጥ መወተፊያ አለው። የጋሼ መወተፊያ የእንጨት ዘንግ ነው፣ ራሳቸው ቀርጸውታል። የአደን ተቆጣጣሪ መጥቶ አራተኛ ጥይት ሊያጎርስ ሞክሮ ካልገባለት «መልካም ቀን» ብሎ ይሄዳል። በ1990ዎቹ ደግሞ የዝዩ ቁጥር ሲያሽቆለቁል ከ1995 ጀምሮ ለስድስት ዓመት አደኑ ጭራሽ ተዘግቶ ነበር።

ሌላው ሕግ በሾትገን ጥይት ውስጥ ስላሉት ትናንሽ ፍሬዎች ነው። ከ1991 ወዲህ በመላው አገሪቱ ለውሃ ወፎች እርሳስ አይተኮስም። ወፎች ምግባቸውን ለመፍጨት ጠጠር ይውጣሉ፤ ከረግረጉ ሥር የተከማቸውን የእርሳስ ፍሬ ጠጠር መስሏቸው ይለቅሙና ተመርዘው ይሞታሉ። በምትኩ የመጣው ብረት ከእርሳስ ይቀላል፤ በአንድ መጠን ካላቸው ሁለት ፍሬዎች የብረቱ ክብደት ሰባ በመቶ ገደማ ነው። ቶሎ ይደክማል፤ ስለዚህ ፍሬው ሁለት ቁጥር ያህል ከፍ እንዲል ይደረጋል። ደግሞም አይጨማደድም። በአሮጌ፣ አፉ እጅግ በጠበበ በርሜል ቢተኮስ በርሜሉን ሊያሳብጥ ይችላል። ጋሼ ለ1100ው ያደረጉት ብቸኛ ትልቅ ማሻሻያ ከዚህ የመጣ ነው፤ የድሮውን በርሜል ግድግዳ ላይ ሰቅለው፣ ቾኩ የሚፈታ የሚገጠም አዲስ በርሜል ገዙ።

ቾክ ማለት አፈሙዙ ጫፍ ላይ ያለ መጥበቢያ ነው። ባለ 12ቱ በርሜል ውስጡ 18.5 ሚሊ ሜትር ይሰፋል፤ ፉል የሚባለው ቾክ ይህን በ0.9 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ሞዲፋይድ ደግሞ በግማሽ ሚሊ ሜትር ያጠበዋል። ይህችን የፀጉር ያህል ልዩነት ለማየት ከገበሬው ቤት ጀርባ ካለ የአፈር ግድግዳ ፊት ወረቀት ሰቅለን፣ 76 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ አሰመርን፤ 36 ሜትር ተኩል ለካን። ከቤት ጀርባ ወረቀት መምታት የአደን ፈቃድ አይጠይቅምና እኔም ተራ ደረሰኝ።

መጀመሪያ የጋሼን ያዝኩ። ገፋኝ። የልጁን ያዝኩ። መታኝ። ሌላ አነጋገር አላገኘሁለትም። ይህን ምት ፈርቶ ነው ልጁ ሰደፉ ውስጥ ርግጫ የሚቀንስ የክብደት ቱቦ ያስገባው፤ ሦስት መቶ ግራም ገደማ ይመዝናል። ከዚያ ዋጋው ርካሽ የሆነውን ቀላሉን የመለማመጃ ጥይት አጎረሰና ተኮሰ። ቀለሁ ከመውጫ መስኮቱ እኩሌታ ላይ እንደ ጢስ ማውጫ ቆሞ ቀረ።

«አሁን ነው የነከሰው» አሉ ጋሼ፣ በደስታ።

የአውቶቡሱ ነገር እዚህ ላይ ይመለሳል። ያ ጠመንጃ የሚኖረው በርግጫው ነው። ክብደት በተጨመረበት ቁጥር ወደ ኋላ የሚፈናጠርበት ፍጥነት ይቀንሳል፤ አውቶቡሱ ቀስ ብሎ ከተነሳ ተሳፋሪው አይንገዳገድም፤ ስፕሪንጉ በቅጡ አይጨመቅም። ከባዱ የዝይ ጥይት ይህን ይሸፍነዋል፤ ቀላሉ ያጋልጠዋል። ልጁ ለትከሻው አዝኖ የጠመንጃውን ምግብ ነጥቆታል። ርግጫ የሚጠላ ሰው መጀመሪያውኑ የጋዝ ጠመንጃ ይግዛ፤ ኢነርሺያ ገዝቶ ክብደት ከመጫን ይሻለዋል። ጥገና የሚሰለቸው፣ ጭቃና ውሃ ውስጥ የሚውል ደግሞ ኢነርሺያውን ይውሰድ፤ ምቱንም ይቻለው።

ወረቀቱ የባሰ ነገር ነበረው። ልጁ በብዙ ብር የገዛው እጅግ ጠባብ ቾክ ፍሬዎቹን መሀል ላይ ሰብስቦ ዳር ዳሩን ባዶ አደረገው። ቁጥር ሁለት የብረት ፍሬ በ32 ግራም ጥይት ውስጥ 140 ያህል ይገባል፤ በእስክሪብቶ እያከበብን ስንቆጥር ከጠመንጃው ጋር በነጻ የመጣው ሞዲፋይድ ክቡን ይበልጥ አዳርሶት አገኘነው። ከሁሉ የከፋው ግን የክምችቱ ቦታ ነበር። በሁለቱም ቾክ ከክቡ መሀል ወደ ታችና ወደ ግራ ወርዷል።

«ሣጥኑ የት ነው?» አሉ ጋሼ።

«የቱ ሣጥን?»

«ሲገዛ የመጣበት።»

ማታ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ የጋሼ ቤት ምድር ቤት ውስጥ፣ ልጁ ከአልጋው ሥር ያወጣውን ሣጥን ይዞ መጣ። ከጥጉ አንድ ያልተከፈተ የላስቲክ ከረጢት ነበር፤ ውስጡ ሺም የሚሏቸው ስስ ፕላስቲኮች፣ እያንዳንዳቸው ፊደል የተጻፈባቸው። በሰደፉና በጠመንጃው አካል መካከል ይገባሉ፤ ሰደፉን በሚሊ ሜትር ከፍ ዝቅ፣ ቀኝ ግራ ያደርጋሉ። በሾትገን አይነጣጠርም፤ ይጠቆማል። የኋላው ማነጣጠሪያ የተኳሹ ዓይን ነው፤ ዓይኑ የት እንደሚያርፍ የሚወስነው ጉንጩ የሚያርፍበት ሰደፍ ነው። ፋብሪካው ሰደፉን የሚቆርጠው ለማያውቀው አማካይ አሜሪካዊ ነው። ልጁ ደግሞ ቀጭን ነው፣ ክንዱ አጭር፣ በላዩ ላይ ወፍራም የክረምት ጃኬት ለብሷል።

ጋሼ መዝጊያውን ከፈቱ። በዓይናቸው አዩ፤ ከዚያ ትንሿን ጣታቸውን አስገብተው ባዶ መሆኑን ዳሰሱ፤ ለእኔም አሳዩኝ። «ዓይንህን ጨፍን። ትከሻህ ላይ አድርግ። አሁን ግለጥ። ምን ታያለህ?»

«የጠመንጃውን ጀርባ ብቻ።»

የክብደት ቱቦው ወጣ። ወፍራሙ የሰደፍ ጎማ በስስ ተተካ፤ ጠመንጃው አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል አጠረ። አንድ ሺም ገባ። ዓይን ተጨፈነ፣ ተገለጠ። አልሆነም። ሌላ ፊደል ገባ። ጋሼ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው ብሎኑን ሲያጠብቁ ምላሳቸው ከከንፈራቸው ጥግ ወጣ ትላለች፣ ፊደል እንደሚለማመድ ልጅ።

«አሁንስ?»

«ዶቃዋን። ጫፉ ላይ ያለችውን ነጭ ዶቃ። እንደተቀመጠች።»

«በል እንደገና። ዐሥር ጊዜ።»

ሦስተኛው ላይ ሳለ ከላይ ደረጃው ጋ የባለቤታቸው ድምፅ መጣ፤ ሽሮው ቀርቧል። «ያ ወፍ እዚህ የለም አይደል?»

«ገበሬው ወስዶታል» አሉ ጋሼ።

«ቢሆንም እጃችሁን ታጠቡ። ሦስታችሁም። በሳሙና።»